ከአሰብ እስከ ሃቫና፦ የካራማራ ልጆች በወደብ ከተማ

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ የኦጋዴን ከተሞች ተራ በተራ ወደቁ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ተያዘች፤ ድሬዳዋ ለጥቂት ተረፈች። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻ ወደ ምሥራቅ ሲጎርፍ፣ ሶማሊያን ሲያስታጥቁ የኖሩት ሶቪየቶች ፊታቸውን ወደ አዲስ አበባ አዞሩ። ተከትለው ኩባውያን መጡ። ወደ 15,000 የሚጠጉ ወታደሮች በጄኔራል አርናልዶ ኦቾአ እየተመሩ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰለፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ተራራ ምሽግ ተሰብሮ ጅጅጋ ነፃ ወጣች።

ድሉ በሰልፍም በዘፈንም ተነገረ። ጦርነቱ ያለ አባትና ያለ እናት ያስቀራቸው ልጆች ግን በየመጠለያውና በየዘመድ ቤቱ ተበትነው ነበር። አባቱ ሚሊሻ ሆኖ ዘምቶ ያልተመለሰ፣ ቤቱ በከባድ መሣሪያ የፈረሰበት፣ በሽሽት ላይ ከእናቱ እጅ ያመለጠ ልጅ በሐረርጌም በባሌም ብዙ ነበር። የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ መስከረም 1971 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አብዮት አራተኛ ዓመት በዓል አዲስ አበባ መጣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ እነዚህ ልጆች ኩባ ሄደው እንዲማሩ ተመረጡ። ሰባት ዓመት ያልዘለሉም ነበሩባቸው፣ ዐሥራ አራት የሞላቸውም።

የተሳፈሩት ከአሰብ ነው። አሰብ በዚያ ዘመን የአገሪቱ ዋና የገቢና የወጪ በር ነበረች፤ የነዳጅ ማጣሪያውም የሚገኘው እዚያው ነበር። ደገኛውም ቆለኛውም ልጅ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በአሰብ ሙቀት ውስጥ ሆኖ፣ ሊሳፈር ተሰልፎ ሳለ ነበር። መርከቡ በቀይ ባሕር ወደ ሰሜን አቀና፤ ስዊዝን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ገባ፤ በጂብራልታር በኩል ወጥቶ አትላንቲክን ያዘ። ጉዞው ሳምንታት ፈጀ። ባሕሩ የሚያናውጠው ልጅ ይተኛል፣ ያልታመመው ደግሞ ያስታምመዋል። ሩዝና ጥቁር አደንጓሬ በአንድ ሳህን ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ብዙዎቹ አልወደዱትም፤ ኋላ ግን ዓመታት የበሉት እሱኑ ነው።

ያረፉት ከዋናው የኩባ መሬት በስተደቡብ ባለች ደሴት ነው። ደሴቷ ለዘመናት የጥዶች ደሴት ስትባል ኖራ፣ ልጆቹ ከመድረሳቸው አንድ ዓመት በፊት ስሟ የወጣቶች ደሴት ተብሎ ተለውጧል። ካስትሮ በሞንካዳ ጦር ሰፈር ላይ የሰነዘረው ጥቃት ከከሸፈበት በኋላ ከእ.ኤ.አ. 1953 እስከ 1955 የታሰረው በዚህችው ደሴት፣ ክብ ክብ ሕንፃዎች ባሉት ግዙፍ እስር ቤት ነበር። ልጆቹ ሲደርሱ ግን የሜዳው መልክ ሌላ ነው። በብርቱካንና በግሬፕ ፍሩት እርሻ መካከል ባለ ብዙ ፎቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተራርቀው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ 600 ያህል ተማሪ ይይዛል። አንዱ የአንጎላ፣ ሌላው የሞዛምቢክ፣ ሌላው የናሚቢያ ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን እርሻ። ከአዲስ አበባ አብረዋቸው የሄዱ መምህራን አማርኛ፣ የኢትዮጵያ ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምሯቸዋል፤ ሌላው ሁሉ በስፓኒሽ ነው።

አዲስ አበባ፣ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ በዚያ ጉዞ የሄዱ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። በሙያቸው የመስኖ መሐንዲስ ናቸው። ስለ ኩባ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግሬፕ ፍሩት ለቀማውና ስለ ትንኙ ነው፤ ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን አንድ ቀን ለይተው፣ ከጧት እስከ ማታ ምንም ሳያስቀሩ ይተርኩታል። ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ክፍላቸው ሃቫናን እንዲጎበኝ የተወሰደበትን ቀን።

ገና ሳይነጋ ነው የተነሡት። ኑዌቫ ኼሮና ከምትባለው የደሴቷ ከተማ በሶቪየት ሠራሽ ፈጣን ጀልባ ተሳፈሩ። ኮሜታ የሚሉት ይህ ጀልባ ፍጥነት ሲጨምር ከሥሩ ባሉት ክንፎች ተነሥቶ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ከሰዓታት በኋላ ባታባኖ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ወረዱ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን። የሸንኮራ አገዳው ማሳ ሲጀምር አንዱ ልጅ «ወንጂ ደረስን!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ልጆቹ አላወቁትም እንጂ በዚያ ጧት የተጓዙት ከተማዋ ራሷ የተጓዘችበትን መንገድ ነው። ስፔናውያን ሃቫናን መጀመሪያ የቆረቆሯት እዚያው በደቡብ ጠረፍ፣ በባታባኖ አቅራቢያ ነበር። ቦታው ረግረግና ትንኛም ስለነበር፣ ይልቁንም ከአትላንቲክ የሚመጣና የሚሄድ መርከብ የሚያልፈው በሰሜን በኩል ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1519 ከተማዋን ነቅለው አሁን ወዳለችበት ወሽመጥ ወሰዷት። የወሽመጡ አፍ ጠባብ ነው፤ ውስጡ ግን ሰፊና ጥልቅ ስለሆነ አንድ ሙሉ የመርከብ ጓድ ከነፋስ ተጠልሎ ሊቆምበት ይችላል። ሃቫናን ሀብታም ያደረጋትም፣ ለወንበዴ ያጋለጣትም ይኸው ነው።

አውቶቡሱ የአሮጌዋ ከተማ እምብርት የሆነው አደባባይ ዳር ቆመ። ስፔኖቹ የጦር መሣሪያ አደባባይ ይሉታል። በአንደኛው ጥግ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከተማዋ ስትቆረቆር የመጀመሪያው ቅዳሴና የመጀመሪያው የሽማግሌዎች ጉባኤ የተደረገው በዚህ ቦታ፣ ሴይባ በሚባል ዛፍ ሥር ነው ተብሎ ይታመናል። ዛፉ ሲሞት ሌላ እየተተከለ ቦታውን እንዳስጠበቀ ነው። በዋርካና በኦዳ ሥር ሽምግልና የሚቀመጥ አገር ልጆች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ጋሼ እንደሚሉት ከመሃላቸው ሁለቱ ወዲያው ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ሽማግሌ መስለው ተጫወቱ።

ከአደባባዩ አንድ ወገን የስፔን ገዢዎች ቤተ መንግሥት ነበር፤ በዚያን ጊዜ የከተማዋ ሙዚየም ሆኗል። ከበሩ ፊት ያለው መንገድ የተነጠፈው በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ነው። ጉማጆቹ ቆመው፣ ተቀራርበው፣ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። የሠረገላ ጎማና የፈረስ ኮቴ ድምፅ ገዢውን እንዳይረብሸው ተብሎ የተሠራ መሆኑን አስጎብኚዋ ነገረቻቸው። ልጆቹ ጫማቸውን እያወለቁ ረገጡት። ጋሼ እስከ ዛሬ የሚገርማቸው ይህ ነው፤ አንድ ሰው እንቅልፉን እንዳያጣ መንገድ በሙሉ በእንጨት ሲነጠፍ፣ ያንኑ እንጨት የጠረበው ሰው የት ይተኛ እንደነበር ማንም አልነገራቸውም።

እዚያው አደባባዩ አጠገብ ላ ፉዌርሳ የሚባለው ትንሽ ምሽግ አለ። የፈረንሣዩ የባሕር ወንበዴ ዣክ ዴ ሶሬስ እ.ኤ.አ. በ1555 ከተማዋን ዘርፎ አቃጠላት። ስፔኖች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1558፣ የምሽጉን ግንባታ ጀመሩ። ይህን ዘመን ከእኛ ታሪክ ጋር ያቀናጀላቸው የታሪክ መምህራቸው ነበሩ። ሃቫና በወንበዴ ስትቃጠል የኢትዮጵያ ንጉሥ ዐፄ ገላውዴዎስ ነበሩ። ላ ፉዌርሳ ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1557፣ ኦቶማን ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። በሁለት ውቅያኖስ ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት ወደቦች በአንድ ዘመን በመድፍ ታጠሩ፤ ልዩነቱ ሃቫና የገዢዋ መውጫ በር ስትሆን ምጽዋ ለባለቤቷ የተዘጋች በር መሆኗ ነው። ያን ትምህርት በሌላ ወደብ ፊት ቆሞ መስማት በክፍል ውስጥ ከመስማት ይለያል። እኔ ራሴ ስለ ምጽዋ ብዙ አንብቤ፣ ነገሩን በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር።

በምሽጉ ግንብ ጫፍ ላይ ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ሴት ትዞራለች፤ ነፋስ ወደነፈሰበት የምታመለክት ናት። ሕዝቡ ስለ እሷ የሚለው አለ። የኩባው ገዢ ኤርናንዶ ዴ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ1539 ፍሎሪዳን ሊያስስ ሲሄድ ሥልጣኑን ለሚስቱ ለኢሳቤል ዴ ቦባዲያ ተወላት። እሱ በሦስተኛው ዓመት ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሞተ፤ እሷ ግን ከግንቡ ላይ ሆና ባሕሩን እያየች ትጠብቀው ነበር ይላሉ። አባታቸው ዘምቶ የቀረባቸው ልጆች ይህን ሲሰሙ ማንም አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ከባሕር በታች አለፉ። በወሽመጡ አፍ ሥር እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተ፣ 733 ሜትር የሚረዝም መተላለፊያ አለ። ሾፌሩ «አሁን ከላያችሁ መርከብ እያለፈ ነው» ሲላቸው ግማሾቹ አንገታቸውን ሰበሩ። በማዶ ሲወጡ ኤል ሞሮ ምሽግ ፊታቸው ተደቀነ።

ኤል ሞሮ በሃቫና ወደብ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም የከበደው ነው። አንቶኔሊ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ንድፉን አወጣ፤ ከእ.ኤ.አ. 1589 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ተሠራ። ከአሜሪካ ምድር የሚጋዘው ወርቅና ብር በሙሉ ወደ ስፔን ከመሻገሩ በፊት ሃቫና ይሰበሰብ ነበር። መርከቦቹ ተጠባብቀው፣ በጦር መርከብ ታጅበው፣ በአንድነት ይነሣሉ። ያንን ሀብት የሚጠብቀው ይህ ምሽግ ነው። ማታ ማታ ከኤል ሞሮ እስከ ማዶው ላ ፑንታ ምሽግ ድረስ ሰንሰለት ተወጥሮ የወደቡን አፍ ይዘጋው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1762 እንግሊዞች መጡ። ከባሕር በኩል አልደፈሩትም፤ በስተምሥራቅ ወርደው ከበስተጀርባ ከበቡት። ከበባው ከአርባ ቀን በላይ ቆየ። ውኃ በሌለበት ደረቅ ዐለት ላይ ከጥይቱ ይልቅ ጥማቱና ቢጫ ወባው ብዙ እንግሊዛዊ ፈጀ። በመጨረሻ ከግንቡ ሥር ቆፍረው ፈንጂ ቀበሩና ነደሉት። የምሽጉ አዛዥ ሉዊስ ዴ ቬላስኮ በተነደለው ግንብ ላይ ሲከላከል ቆስሎ ሞተ፤ ጠላቶቹ ሳይቀሩ አከበሩት። እንግሊዞች ከተማዋን አንድ ዓመት እንኳ ሳይይዟት በፓሪሱ ውል በፍሎሪዳ ለውጠው መለሷት። ስፔን ደግሞ ያ ውርደት እንዳይደገም ከኤል ሞሮ ጎን ላ ካባኛ የተባለውን ግዙፍ ምሽግ ከ1763 እስከ 1774 ገነባች።

መምህሩ ልጆቹን ያስቆሟቸው በኤል ሞሮ ደረቅ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ነው። ጉድጓዱ ከግንቡ በስተኋላ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጎኑ ላይ የመፈልፈያው ጭረት ይታያል። ይህን የፈለፈሉት ባሮች ናቸው። ለላ ካባኛ ግንባታም የስፔን ዘውድ አፍሪካውያንን በሺዎች ገዝቶ አምጥቷል። ከታች በሚታየው ጠባብ የወደብ አፍ ለሦስት መቶ ዓመት የሰው ልጅ በሰንሰለት ሲገባ ኖሯል፤ ወደ ኩባ የተጋዙት አፍሪካውያን ከ700,000 በላይ ናቸው። ባርነት በኩባ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ ከዐድዋ ድል ዐሥር ዓመት ብቻ ቀድሞ። ጋሼ መምህሩ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደተለወጠ ያስታውሳሉ። እኔም ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እነዚህ ልጆች ከአፍሪካ ተነሥተው፣ አትላንቲክን በመርከብ ተሻግረው፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው በዚያ ግንብ ላይ ቆመዋል። ያንን ውቅያኖስ በዚያ አቅጣጫ የተሻገረ የአፍሪካ ልጅ ለዘመናት የሚጠብቀው ገበያና አለንጋ ነበር።

አመሻሹን በባሕሩ ዳር ጎዳና ተጓዙ፤ ማሌኮን ይሉታል። ኮፔሊያ በተባለው ሰፊ አይስክሬም ቤት ረጅም ሰልፍ ይዘው አይስክሬም በሉ። ስለ እሱ ጋሼ ብዙ የሚሉት አላቸው፤ እኔ ግን አልፈዋለሁ።

ቀኑን በአእምሯቸው የተከለው የምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። በስፔን ዘመን ከተማዋ በግንብ የታጠረች ስለነበረች፣ በየማታው በዚያ ሰዓት መድፍ ይተኮሳል፤ የከተማው በሮች መዘጋታቸውን፣ የወደቡ ሰንሰለት መወጠሩን ለሕዝቡ የሚያሳውቅ ነበር። ግንቡ ከእ.ኤ.አ. 1863 ጀምሮ ፈርሷል፤ ሰንሰለቱም የለም። መድፉ ግን እስከ ዛሬ በየማታው ከላ ካባኛ ይተኮሳል፤ የሃቫና ሰውም ሰዓቱን በእሱ ያስተካክላል። አስጎብኚዋ ይህን ለልጆቹ መንገር ያለባት አልመሰላትም፤ ለእሷ የየዕለቱ ነገር ነው። መድፉ ሲጮህ ከልጆቹ ገሚሱ መሬት ላይ ተደፋ። አንዲት የጅጅጋ ልጅ ታናሽ ወንድሟን ከሥሯ አድርጋ ጋረደችው። ወንድሟ በዚያን ጊዜ ከእሷ ሊረዝም ትንሽ ነበር የቀረው።

ኩባውያኑ መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው ነገሩ ሲገባቸው አንዲት ሴትዮ ልጅቷን አንሥታ ታቅፋት ጀመር። መምህሩ ሁሉንም ሰብስበው፣ ዙሪያቸውን ቁጭ አድርገው፣ መድፉ ምን እንደሆነ አስረዱ። ጋሼ ያን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። «የመድፍ ድምፅ ሰው ሳይሞት ሊጮህ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው» ይላሉ።

ታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. ላይ ዩኔስኮ አሮጌዋን ሃቫናና ምሽጎቿን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስፓኒሹን ያቀላጥፉታል፤ ብዙዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየጠፋባቸው ነው። ከአገር የሚመጣ ደብዳቤ ብዙ ወር ይፈጃል፤ የሚጽፍለት ያልነበረውም ብዙ ነው። በኋላ ትልልቆቹ ወደ ዋናው መሬት ተሻግረው በየዩኒቨርሲቲው ገቡ፤ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ እርሻ አጠኑ። ከኢትዮጵያም አዳዲስ ተማሪዎች እየተተኩ ሄዱ። በጠቅላላው በኩባ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ከ5,000 በላይ ናቸው።

መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር የትግላችን ሐውልት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ተመረቀ። ሰሜን ኮሪያውያን የሠሩት ይህ ሐውልት 50 ሜትር ከፍታ አለው፤ ጫፉ ላይ ኮከብ፣ ግራና ቀኙ ላይ የዘማቾች ቅርጽ አለ። በሐውልቱ ግቢ በጦርነቱ የወደቁት ኩባውያን ፊታቸው በየክቡ ተቀርጾ ተደርድሯል። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ እስከዚያ በእግር ሩቅ አይደለም። በዚያ ቦታ ከአንድ ጊዜ በላይ ያለፈ ሰው ፊቶቹን ሳያውቃቸው ይለምዳቸዋል። በዚያው ጦርነት ምክንያት ውቅያኖስ ስለተሻገሩት ልጆች ግን በሐውልቱ ላይ አንድ መስመር አልተጻፈም።

በ1983 ዓ.ም. ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት በመፍረስ ላይ ሳለች የኩባ ኢኮኖሚ አብሮ ተንኮታኮተ፤ ዳቦና ነዳጅ በራሽን ሆነ። ግንቦት 20 ቀን ደግሞ የላካቸው መንግሥት ወደቀ። ትምህርታቸውን ያልጨረሱት የሚጠራቸውም የሚልካቸውም ሳይኖር ቆዩ። የተመለሱ አሉ፤ ወደ ሦስተኛ አገር የተሻገሩ አሉ፤ ኩባ ቤተሰብ መሥርተው የቀሩም አሉ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የተሳፈሩባት አሰብም የውጭ አገር ወደብ ሆነች።

ጋሼ የተመለሱት በምሕንድስና ተመርቀው ነው። ሲመጡ አማርኛቸው የስድስተኛ ክፍል አማርኛ ነበር፤ የቀረውን የተማሩት ከሥራ ባልደረቦቻቸውና ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው። ስፓኒሽ የሚናገሩት ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሲገናኙ ነው፤ ያኔ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ እጃቸውም ይፈጥናል። የያኔ የማስታወሻ ደብተራቸውን አሳይተውኛል። በሃቫናው ጉብኝት ማግሥት የሣሉት የወደቡ ካርታ አለበት፤ «ሞሮ»፣ «ካባኛ»፣ «ፑንታ» የሚሉት ስሞች በአማርኛ ፊደል ተጽፈው፣ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ሰንሰለቱ በቀይ እርሳስ ተሠምሯል። ከጎኑ በስፓኒሽ የተጻፈ የመምህር ምልክት አለ፤ ከዐሥር ዘጠኝ።

እንዲህ ያለ ደብተር፣ የስፓኒሽ ካርድና የመርከብ ላይ ፎቶግራፍ በየቤቱ እንዳለ ጋሼ ይናገራሉ፤ ከእሳቸው ጓደኞች ዘንድ ብቻ በካርቶን የተቀመጠ ብዙ አለ። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ቢሰበስብ፣ ካራማራን የሚያጠና ሰው የጦርነቱን ሌላ ገጽ ያገኝ ነበር። ደብተሩስ ይቆያል፤ የሰዎቹን ቃል የሚቀዳ ግን ዛሬውኑ ያስፈልጋል። ከመርከቡ ልጆች ታናሾቹ እንኳ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል።